ስፌትና ፈትል ለልጆች፦ በቤት ውስጥ ከየት እንጀምር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጄ ስፌት ላስተምራት ብዬ ሣሩን ገዝቼ፣ ወስፌ ተውሼ፣ ሁለት በርጩማ ጎን ለጎን አስቀምጬ ጠራኋት። ያስጀመርኳት እኔን ባስጀመሩኝ ቦታ ነው፤ ከሙዳይ እምብርት። ስፌት ሁሉ የሚነሳው ከዚያች የመሃል ነጥብ ስለሆነ ሌላ መነሻ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ሣሩ ሲጠመዘዝ እየተሰበረ፣ ሲሰፋ እየተፈታ፣ እኔም «እስቲ አምጪው» እያልኩ በየደቂቃው እየነጠቅኳት ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ እምብርቷ የእኔ፣ እንባው የእሷ ሆነ። ወስፌውን ለወራት ዞር ብላ አላየችውም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሙያው የሚጀመርበት ቦታና ልጅ የሚጀምርበት ቦታ አንድ አይደሉም። የስፌት እምብርት ትንሽ ናት፤ በጣት የሚያዝ ነገር የላትም፤ የለመደ እጅ እንኳ ይጠነቀቅላታል። ፈትልም እንዲሁ ነው። ሥራው በወጉ የሚነሳው ጥጥ ከመዳመጥና ከማባዘት፣ ማለትም ፍሬውን ከማውጣትና ጥጡን ከማፍታታት ነው፤ ልጅ ግን ከዚያ ቢነሳ ክር ሳያይ ይሰለቻል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከዚያ በኋላ ከልጄም ከእህቴ ልጅም ጋር እያፈረስኩ እየሠራሁ የደረስኩበት ነው።

ስፌትንና ፈትልን የመረጥኩት እሳት፣ ግቢና ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቁ ነው። ሸክላ ለልጅ እጅ እጅግ ደስ ይላል፤ ግን መተኮሱ የኮንዶሚኒየም ሰገነት ሥራ አይደለም፤ ሳይተኮስ የቀረ ሸክላ ደግሞ ውኃ ሲነካው ይሟሟል። ሽመና የራሱን ዕቃ፣ የራሱን ቦታና ከልጅነት ጀምሮ የለመደ መምህር ይፈልጋል። ስፌትና ፈትል ግን ጭን ላይ የሚሠሩ፣ ከረጢት ውስጥ የሚከተቱ፣ እንግዳ ሲመጣ ተነስተው እንግዳ ሲሄድ የሚመለሱ ሥራዎች ናቸው።

ሥራው ሳይጀመር

ዕድሜን በተመለከተ ልጁን ከማየት የተሻለ መለኪያ የለም። እንደ መነሻ ግን፣ ከ6 እስከ 7 ዓመት ያለ ልጅ መጠምጠምና ሣር መለየት ይችላል፤ ከ8 ወይም ከ9 ዓመት ጀምሮ አጠገቡ ሰው ተቀምጦ ወስፌ መያዝ ይችላል፤ እምብርት ማስጀመርን ግን ከ10 ዓመት በፊት አልመክርም። ጫማውን ራሱ የሚያስር ልጅ ለመጠምጠም ደርሷል ማለት ነው።

ጊዜው አጭር ይሁን። 20 ደቂቃ ይበቃል። ልጁ «ትንሽ ልጨምር» ሲል ሥራው ቢቆም በማግስቱ ራሱ ያነሳዋል፤ ደክሞት እስኪጥለው ከተጠበቀ ግን ለማግስቱ የሚጠራው ነገር አይኖርም። ቀኑንም አስቀድመው ይምረጡ። በቤቱ ውስጥ በዓል አክባሪ አያት ካለች እሁድና በበዓል ቀን እንዝርት እንደማይነካ ትነግራችኋለች፤ በዚህ ከእርሷ ጋር መከራከር ዋናዋን መምህርት ማስቀየም ነው።

አቀማመጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልጁም እርስዎም በቀኝ እጃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት ከሆነ ሁሉን ነገር ገልብጦ ስለሚያይ ግራ ይጋባል። ልጁ ግራኝ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ያን ጊዜ እርስዎን እንደ መስተዋት ያያል። ግራኝ ልጅ ስፌቱን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ቢያዞረው ምንም ችግር የለውም፤ ሙዳዩ አያውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሞ መነገር አለበት። የእጅ ሙያ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲነቀፍ ኖሯል፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ በሚሠሩት ሥራ ይሰደቡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ልጁ ከትምህርት ቤት ወይም ከጎረቤት ክፉ ቃል ሰምቶ ሊመጣ ስለሚችል ቀድመው ያጫውቱት። የለበሰውን ነጠላ ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው፣ እንጀራው የቀረበበትን መሶብ ማን እንደሰፋው ይጠይቁት። የእህቴ ልጅ እንዝርት ይዞ ሲያዩት «የሴት ሥራ» ብለው የሳቁበት ነበሩ። በልማድ ፈታዩ ሴት፣ ሸማኔው ወንድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጣቶች መካከል ጥጥ ወንድና ሴትን ሲለይ አላየሁም።

ማስተማርና ማሠራትም ይለያያሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከገጠር መጥተው ሸማ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውሉ ሕፃናት ነገር በዚህች አገር የታወቀ ሕመም ነው። ቤት ውስጥም ቢሆን ልጁ የሰፋውን ለመሸጥ ትእዛዝ መቀበል ከተጀመረ 20 ደቂቃው ሁለት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ለቤት ወይም ለስጦታ ብቻ ይሁኑ።

ዕቃውን ማዘጋጀት

ለስፌት ሁለት ዓይነት ሣር ያስፈልጋል። አንዱ በብዛት ተይዞ የዙሩ ውስጥ የሚሆነው ነው፤ ሌላው ተሰንጥቆ ውስጡን የሚጠመጥመውና የሚሰፋው ነው። ሰንደዶና አክርማ በገበያ የሚታወቁት ናቸው፤ ከክረምት ማብቂያ በኋላ ተለቅመው የደረቁት ጥሩ ይሆናሉ። ቀለም የገባለት ሣር አለላ ይባላል። ገበያ ሲሄዱ «ለውስጥ የሚሆን» እና «ለመስፊያ የሚሆን» ብለው ይጠይቁ፤ ሻጮቹ ራሳቸው ሰፊዎች ስለሆኑ ለልጅ እንደሆነ ከነገሯቸው ለስለስ ያለውን ይመርጡልዎታል። አንዱን ሣር ጣትዎ ላይ ጠምጥመው ይሞክሩት። ከተሰበረ ደርቋል ወይም አርጅቷል፤ ከታጠፈና ከተመለሰ ይሆናል።

ወስፌ ከእንጨት እጀታ ጋር የተሠራ ሹል ብረት ነው። ለልጅ እጀታው መዳፉን የሚሞላ፣ ብረቱ አጠር ያለ ይምረጡ። ሥራ ላይ ባልዋለ ጊዜ ጫፉ ቁራጭ ሻማ ወይም የጠርሙስ ቡሽ ላይ ይሰካ። ለመጀመሪያው ሥራ ግን ወስፌው ከእርስዎ እጅ አይወጣም።

ከአገር ውጭ ለሚኖሩ፦ ሰንደዶ ካልተገኘ ራፊያ የሚባለው የዘንባባ ቅጠል ክር በእጅ ሥራና በአትክልት ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል፤ ለመስፊያ ጥሩ ነው። ለውስጡ ማንኛውም ረጅም ደረቅ ሣር፣ ካልሆነም ወፈር ያለ የጥጥ ገመድ ይሠራል። ወስፌ ከአገር ቤት ሲያመጡ በእጅ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት፤ ፍተሻ ላይ ይቀራል።

መስፊያው ሣር ከመሠራቱ በፊት ይረጥባል። እዚህ ላይ ልጆች ውኃ ይወዳሉና ባልዲ ውስጥ ይነክሩታል። ብዙ የጠጣ ሣር ያብጣል፤ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ዛሬ ጥብቅ ያለው ስፌት በማግስቱ ልል ሆኖ ይገኛል። ጥቂት ደቂቃ አስነክሮ አውጥቶ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየት ይበቃል። የውስጡ ሣር ጭራሽ መነከር የለበትም።

መጀመሪያ፦ ማቶት

ማቶት የጀበና መቀመጫ ቀለበት ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከእርሱ የሚሻል አላገኘሁም። እምብርት የለውም፤ ወስፌ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ያልቃል፤ ካለቀ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ቡና ሲፈላ ይታያል። ለልጅ «ማለማመጃ» ብሎ የሚጣል ነገር ማሠራት ጥሩ አይደለም፤ እንደሚጣል ያውቃል፤ እጁም እንደሚጣል ነገር ይሠራዋል።

1. ጀበናውን ልጁ ራሱ ይለካ። አንድ ፎጣ እንደ ገመድ ጠምዝዞ፣ ክብ አድርጎ፣ ጀበናውን ያስቀምጥበት። ጀበናው ቀጥ ብሎ ከቆመና ታቹ መሬቱን ካልነካ የክቡ ልክ ተገኘ። ያንን ልክ በክር ይያዘው። ጀበናው ባዶና የቀዘቀዘ ይሁን፤ ይህን ማለት የማያስፈልግ ይመስላል፤ ያስፈልጋል።

2. የውስጡን ሣር አንድ እፍኝ ያህል ይያዝ፤ ውፍረቱ የልጁን ሁለት ጣት ያክል። ክብ አድርጋችሁ ጫፍና ጫፉን አራት ጣት ያህል አደራርቡት። ጫፎቹ እኩል የተቆረጡ ከሆኑ መገናኛው ላይ ጉብታ ይወጣል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ሣር እየመዘዛችሁ ሁለቱንም ጫፍ አሳሱት።

3. በአራት ቦታ በጥጥ ክር ይታሰር። ልጁ ክቡን ይያዝ፣ እርስዎ ይሰሩ፤ በሚቀጥለው ሥራ ይቀያየሩ።

4. አሁን መጠምጠም ነው። የመስፊያውን ሣር ጫፍ ከክቡ ጋር አስተኝቶ፣ በራሱ ላይ እየጠመጠመ ይያዘው። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ጎን ተጣብቆ መቀመጥ አለበት። ለልጄ የሠራላት አባባል «ጎረቤቱን ይንካ እንጂ አይረግጠውም» የሚል ነበር። ለመጀመሪያው ማቶት ከሣር ይልቅ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ብጣሽ ጨርቅ ቢጠቀሙም ነውር የለውም፤ ጨርቅ አይሰበርም፣ ጣትም አይቆርጥም።

5. ሣሩ ሲያልቅ የአዲሱ ጫፍ ከክቡ ጋር ይተኛና በአሮጌው ጥቂት ዙር ይጠመጠምበት፤ ከዚያ የአሮጌው ጫፍ ተኝቶ አዲሱ ይጠምጥምበት። ቋጠሮ አይደረግም። ልጁ መቋጠር መፈለጉ አይቀርም፤ ይቋጥርና በጣቱ ይዳስሰው፤ ጉጡን ራሱ ይጠላዋል።

6. መጨረሻው ላይ እርስዎ በወስፌ ካለፉት ሦስትና አራት ዙሮች ሥር መንገድ ይክፈቱ፤ ልጁ ጫፉን ያሳልፍና ይጎትት። የቀረው በመቀስ ይቆረጣል።

የመጀመሪያው ማቶት አንድ ወገኑ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሆናል። ጀበናው ትንሽ ያዘነብላል። ይዘንብል። ልጁ ተኝቶ ሳለ ፈትቶ ማስተካከል የሚባል ፈተና ይመጣል፤ እኔ አንድ ጊዜ ወድቄበታለሁ፤ በማግስቱ «ይኼ የእኔ አይደለም» ተባልኩ። ልጆች የራሳቸውን ጠማማ ያውቁታል።

ሁለተኛ፦ የስኒ ማስቀመጫ

ማቶት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሠራ በኋላ ጠፍጣፋ ክብ ይከተላል። እዚህ ነው እምብርቱ የሚመጣው፤ የሚሠሩት ግን እርስዎ ነዎት። ጥቂት እርጥብ ሣር በመስፊያው ጠምጥመው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ጠቅልለው፣ በወስፌ እየበሱ ሦስት ዙር ያህል ይስፉና ለልጁ ያቀብሉት። መዳፉ ውስጥ የሚይዘው ነገር ካገኘ በኋላ ነው ወስፌውን የሚያነሳው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የውስጡ ሣር ካለፈው ዙር ጎን ይተኛል። ወስፌው ያለፈውን ዙር ጫፍ፣ ከውስጡ ሣር ጥቂት እየያዘ ይበሳል። የመስፊያው ጫፍ በቀዳዳው ያልፋል፣ ይጎተታል፣ በአዲሱ ዙር ላይ ይጠመጠማል፤ እንደገና ይበሳል። ይኸው ነው። መሶብም ቢሆን፣ የሐረር ቤቶችን ግድግዳ የሚያስጌጡት ሰፋፊ ስፌቶችም ቢሆኑ ነገራቸው ከዚህ እጥፋት የወጣ አይደለም፤ ልዩነቱ ድግግሞሹና ዓይኑ ነው።

የወስፌው አያያዝ ከሁሉ በፊት ይጠና። ሥራው ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ልጁ ፊት አይጠጋም። ሥራውን የያዘው እጅ ጣቶች ከወስፌው መውጫ ጀርባ አይሁኑ። ወስፌ ይዞ መነሳት፣ መሮጥና ማመልከት የለም። ማመልከት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጆች በእጃቸው በያዙት ነገር ሁሉ ያመለክታሉ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት በዙሪያው የሚድህ ከሆነ ያን ቀን ወስፌ ይቅር፤ መጠምጠም ብቻ ይሠራ።

ውፍረቱን እኩል ማድረግ ከሁሉ የሚያስቸግር ነገር ነው። የውስጡ ሣር ሳይታወቅ ይሳሳል፤ ልጁ ሲያየው በአንድ ጊዜ እፍኝ ይጨምርበታል፤ ዙሩም እንደ ዋጠ እባብ እዚህ ያብጣል እዚያ ይሰልላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከሸምበቆ አንድ ጣት ርዝመት ያላት ቀለበት ይቁረጡና የውስጡን ሣር በእርሷ ውስጥ ያሳልፉት። ቀለበቷ ላላ ስትል ሁለት ሦስት ሣር በመሃሉ ይጨመራል፤ ስትጠብቅ ይጠበቃል። ልጁ መገመቱን ትቶ ቀለበቷን ይጠይቃል። ሸምበቆ ከሌለ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ያንኑ ይሠራል።

ስፌቱ ራሱ ሲያናግር

ልጅ ሲሳሳት «እንዲህ አይደለም» ከማለት ይልቅ ሥራው ምን እያለ እንደሆነ ማሳየት ይሻላል።

ጠፍጣፋ መሆን ያለበት ክብ ጠርዙ ወደ ላይ እየተነሳ ጎድጓዳ ከሆነ ዙሩ ከመጠን በላይ እየተሳበ ነው፤ አንዳንዴም አዲሱ ዙር ካለፈው ጎን መተኛት ሲገባው ላዩ ላይ እየተቀመጠ ነው። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ከተጥመለመለ ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል፤ ሣሩ ልል ሆኖ እየተረፈ ነው። በስፌቶቹ መካከል የውስጡ ሣር መታየት ከጀመረ ክቡ አድጎ ስፌቱ አልበቃውም፤ በየተወሰነ ርቀት አንድ ቀዳዳ ላይ ሁለት ጊዜ ይሰፋል።

የእህቴ ልጅ የስኒ ማስቀመጫ እየጎደጎደ ሲሄድ እንዲፈታው ልነግረው አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ተወው፤ ይነሳ።»

«እማማ፣ ማስቀመጫ ነው እኮ፤ ስኒው ይዘምማል።»

«ማስቀመጫ መሆኑ ቀርቷል። ሙዳይ ልሁን እያለ ነው። አንተ ዙሩን ላዩ ላይ እየደረብክ ሂድ።»

ልጁ ቀጠለ፤ አሁን በውስጡ የፀጉር መርፌና ሳንቲም ይቀመጥበታል። «ሙያ በልብ ነው» የሚባለውን በዚያ ቀን ትንሽ ጠረጠርኩት፤ እናቴ ያወቀችው በጣት ነው።

ቀለምና ቁጥር

አለላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባው ልጁ ሁለተኛውን ክብ ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት ቀለሙ ዓይኑን ይይዘውና ጥብቀቱን ይረሳል። ሁለት ቀለም ብቻ ይጀምር፤ ሦስት ስፌት ቀይ፣ ሦስት ስፌት በተፈጥሮው። ዙሩ ሲያድግ ግን ሦስቱ አራት፣ አራቱ አምስት ካልሆነ ምልክቱ እየተንሸራተተ ጠመዝማዛ ይሆናል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ብዙ የሚያምሩ ስፌቶች የተሠሩት እንዲሁ ነው። ነገር ግን ልጁ ቀጥ ያለ ጨረር ከፈለገ ክቡን በክር አራት ቦታ ከፍሎ ምልክት ያድርግና በየዙሩ ስንት ስፌት እንደሚጨምር ራሱ ይቁጠር። ማካፈልን በደብተር ላይ የሚጠላ ልጅ እዚህ ሲያካፍል አይቻለሁ።

ሣር ማቅለም የአዋቂ ሥራ ነው። የገበያው ዱቄት ቀለም በፈላ ውኃ ይበጠበጣል፤ ሣሩ ይቀቀልበታል፤ ከዚያ በጥላ ይደርቃል። ድስቱ ከዚያ ወዲያ ምግብ አይሠራበትም። የቀለመው ሣር ደጋግሞ ይታጠብ፤ ካልታጠበ እርጥብ ሆኖ ሲሰፋ ነጩን ያበላሸዋል፤ የልጁን ጣትና የመቀመጫ ጨርቃችሁን ደግሞ ከዚያ በላይ።

ሦስተኛ፦ እንዝርት

ፈትል ከስፌት ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ስፌት የሠራኸውን ያቆይልሃል፤ ክር ግን ይበጠሳል። ለዚህ ነው ከስፌት በኋላ ያስቀመጥኩት።

በወጉ፣ ጥጡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ወይም በእጅ ተባዝቶ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው እንደ ጣት ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል፤ ከአመልማሎው በእንዝርት ይፈተላል። ልጁ ግን ከመጨረሻው ይጀምር። አመልማሎውን አያት ታዘጋጅ፣ ወይም የተነደፈ ጥጥ ከገበያ ይገዛ። ከፋርማሲ የሚገዛው ጥጥ አይሆንም፤ አጭርና ተፈጥሯዊ ቅባቱ የወጣለት ስለሆነ ለጀማሪ ይበጣጠሳል።

የመጀመሪያው ቀን እንዝርት የለም። ልጁ ከባዘቶው ቁንጥር አድርጎ በሁለት እጁ ይሳበው፤ ወዲያው ይለያያል። ሌላ ይቆንጥር፣ አሁን እየሳበ በጣቶቹ ያክርረው፤ ከዚያ ጠንክሮ ይጎትተው። አይበጠስም። የፈትል ምሥጢር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማፍጠኛ ነው። ልጄ ይህን ባየች ቀን የነጠላዋን ጫፍ ክር መዝዛ ፈትታ መልሳ ለማክረር ሞከረች፤ ነጠላው ተጎዳ፣ ነገሩ ግን ገባት።

በሁለተኛው ቀን ለሁለት ይፈተላል። አንድ ሰው አመልማሎውን ይዞ በቀስታ ይስባል፤ ሌላው እንዝርቱን ብቻ ያሾራል። መጀመሪያ ልጁ አሿሪ ይሁን። ሲለምድ ይቀያየሩ፤ ያን ጊዜ መሳብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ልጅ ፈትል የማይሆንለት ማሾርንና መሳብን በአንድ ጊዜ ስለሚጠየቅ ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች ሲለያዩ ግን እያንዳንዳቸው ቀላል ናቸው። በዚህ ደረጃ አንድ ሳምንት ቢቆይ አይበዛም።

ብቻውን ሲጀምር የእንዝርቱ ታች ጫፍ በአየር ላይ አይንጠልጠል። ትንሽ ስኒ ወይም ጣባ ውስጥ ይቁም፤ በዚያ ላይ ይሹር። የጥጥ ጭረት (ክር የሚሆነው ስስ ፀጉሩ) አጭር ስለሆነ ገና ያልጠነከረ ክር የእንዝርቱን ክብደት አይችልም፤ ስኒው ክብደቱን ይሸከምለታል። ስኒው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍ። ከባድ እንዝርት ካላችሁ ለልጁ ቀለል ያለ ይፈለግለት።

ሲበጠስ፣ መበጠሱም አይቀርም፣ የክሩ ጫፍ ጥቂት ይፈታና እንደ ባዘቶ ይበተን፤ የአመልማሎው ጫፍ ላዩ ላይ ይተኛና አንድ ላይ ይክረር። እዚህም ቋጠሮ የለም። ክሩ እየተጠመዘዘ በራሱ ላይ ከተጠቀለለ ማክረሩ በዝቷል፤ ሳይሳብ ብዙ ጊዜ አሹሯል ማለት ነው። ሳይጎተት ከተለያየ አንሷል።

ጉጥ ጉጥ ያለውን የመጀመሪያ ክር አይጣሉት። ለሸማ ድር፣ ማለትም በቁመት ለሚወጠረው፣ የሚሆነው ጠንከር ያለና በደንብ የከረረ ክር ነው፤ በአግድም የሚገባው ማጉ ግን ለስለስ ያለ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን የፋብሪካ አድርጎ ማጉን ብቻ የእጅ ፈትል ያደርጋል። የልጁ ክር ለሁለቱም ገና ነው፤ ሁለት እጥፍ ሆኖ ቢከረር ግን ለጧፍ ውስጥ፣ ለከረጢት ማሰሪያ፣ ከላይ ላልነው ማቶት ማሰሪያ ይበቃል።

ልቃቂቱ፣ እንዝርቱ ላይ የተጠቀለለው ክር፣ ሲሞላ ከእንዝርቱ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ውኃ ይረጭበትና ለአንድ ቀን ይቆይ፤ ያን ጊዜ ክረቱ ይይዛል፤ ሲወጣ አይተበተብም። ደረቅ ሆኖ ቸኩሎ የወጣ ክር ሁለት ሰዓት የሚፈታ ትብትብ ይሆናል። የእኛ ቤት ትብትብ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ፤ የእህቴ ልጅ እፈታዋለሁ ብሎ ማንም እንዳይነካው ከልክሏል።

ጥጡ መጨረሻ ላይ ሲደርስ፣ ልጁ ራሱ «ይህ ከየት ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ፍሬ ያለበት ጥጥ ይስጡት። መዳመጫው ካልተገኘ ፍሬውን በጣቱ ይልቀም፤ አንድ እፍኝ ለመልቀም ምን ያህል እንደሚፈጅ ይይ። ፍሬዎቹን አንድ ጣሳ አፈር ውስጥ ይትከል። ፀሐይና ሙቀት ካገኙ ይበቅላሉ፤ በደጋ ግን መስኮት ሥር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።